ከድልድዩ ሥር

ስቱዲዮ ብለን ስም የሰጠነው ክፍል
ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ማሞቂያ፣ አንድ መስኮት ይዟል።
ደንዲ ከተማ ነው፣ ከቴይ ወንዝ ዳርቻ፤
ዱሮ ጆንያ ይሸመንበት ከነበረው ሕንጻ፣ የኛ ሦስተኛው ፎቅ ብቻ።
ማሞቂያው ይጠፋል ቆጣሪው ሲራብ፤
ሳንቲም እናጉርሰው፣ ወይ ሹራብ እንደርብ?

ጠዋት ዳቦ ቤት ነኝ፤ ዱቄት እንደነካኝ
ከቀኑ ስምንት ሰዓት ወንበሬ ላይ ነኝ።
አንተ በቁጥር ታወራለህ፣
እኔ በቀለም እመልሳለሁ፤ ዱጋል፣ አንዳንዴ ትሰማለህ።

ጨዋታው ቀላል ነው፤ መተኮስ የለበት፣ መሮጥም የለበት፤
ወንዝ አለ፣ ጀልባ አለ፣ አንድ ሽማግሌ አለ የሚቀዝፍበት።
ድንጋይ እያመላለስህ ድልድይ ትሠራለህ፣
በየጉዞህ መሃል ከሽማግሌው ጋር ወግ ትይዛለህ፤
ድልድዩ ሲያልቅ ግን ጀልባው ሥራ የለው፤
ሽማግሌው ይጠፋል። መጨረሻው ይኸው ነው።

"ሰው ያዝናል" አልኩህ። "ይዘን" አልከኝ ስቀህ፤
"ድልድይ የለመደ ጀልባ አይናፍቅም" ብለህ።

የሽማግሌውን እጅ ስሥል ሦስት ሳምንት ፈጀሁ፤
ፊቱ ቀሎኝ ነበር፣ እጁ ግን እምቢ አለኝ፤ ሠርቼ አፈረስሁ።
አንድ ሌሊት መጣልኝ፤ ሌባ ጣቱ ከመሃሉ የጎደለ፣
መቅዘፊያውን የሚይዝ እንደ ልጅ እያባበለ።
ከየት እንዳመጣሁት አልነገርኩህም፤
አንተም ዓይንህን ከቁጥሮችህ ላይ አላነሳህም።

የካቲት ላይ ተጣላን። መነሻው ወተት ነበር፤
ከዚያ ስለ ኪራይ፣ ከዚያ የማን ሐሳብ ነበር ሥራ ለቀን ይህን ስንጀምር።
ከዚያ ዝም አልን።
የባሕር ወፎች ጣሪያው ላይ ሲጯጯሁ ሰማን።
ስድስት ቀን ሙሉ በፋይል ብቻ ተነጋገርን፤
"ቀለሙ ተስተካክሏል"፣ "ስህተቱ ተፈቷል" እያልን፣
ሁለት ሜትር ተራርቀን።

ሊለቀቅ ሁለት ሌሊት ሲቀረው፣ ስትፈትሸው አየሁህ፤
ድልድዩ አልቆ፣ ሽማግሌው ለስንብት እጁን ሲያነሳልህ
ቆምክ። ማውሱን ለቀህ ወደ ስክሪኑ ተጠጋህ።
"ኢሽቤል፣ ይህ ጣት..." አልክ፤ አልጨረስህ።

አባትህ መርከብ ይበይድ ነበር፤ ብረት ነው የበላው ጣቱን፤
እኔ ሁለቴ ብቻ ጨብጬዋለሁ፤ የሠርጋችን ቀንና ሆስፒታል የገባ ሰሞን።
ለሠዓሊ ግን ሁለቴ ይበቃል፤
እጅ የጨበጠውን እጅ ያስታውሰዋል።

ከዚያ ያችን መስመር ከፈትካት፤ "አጥፋው" የምትለዋን።
ከኋላህ ቆምኩ፣ ይዤ ትንፋሼን።
አልነካሁህም፤
አጥፋውም አላልኩህ፣ ተወውም አላልኩህም።

ጠዋት ዳቦ ቤት ስሄድ ትጽፍ ነበር። ስመለስ እንቅልፍ ጥሎህ፣
ቁልፎቹ ላይ ተደፍቷል ግንባርህ፤
ስክሪኑ ላይ አንድ ፊደል ብቻ፣ በግንባርህ የተጻፈ፣
ተሰልፎ ተሰልፎ መቶ ገጽ ያለፈ።

እሱን ሰርዤ ተጫወትኩት። ድልድዩ አልቋል፤ ሰው ይሻገራል፤
ሽማግሌው የለም። ሁሉም እንደነበረ ይመስላል።
ግን ከድልድዩ ሥር ወርዶ፣ ምንም ሳይነካ፣ ምንም ሳይፈልግ
አራት ደቂቃ ለቆመ ሰው፣ ውሃው ይጀምራል መናወጥ ፈንጠር ፈንጠቅ ማድረግ፤
ከጥላው ውስጥ ጀልባዋ ትመጣለች።
ያ እጅ ይነሳል። ቃል የለም። ጀልባዋ ትሄዳለች።

መመሪያው ላይ አልጻፍነውም። ለማንም አልተናገርን።
በመጀመሪያው ሳምንት አርባ አንድ ቅጂ ሸጥን፤
ኪራዩን አይችልም፣ ማሞቂያውን ጥቂት ያጎርሰዋል፤
ነገ ስለ ወተት እንደገና እንጣላ ይሆናል።

ዛሬ ማታ ግን፣ ከአርባ አንዱ አንዱ፣ አገሩን እንኳ የማናውቅ፣
ከድልድዩ ሥር ዘጠኝ ደቂቃ ቆመ፣ ጀልባዋን ሲጠብቅ።
አራቱስ ለጀልባዋ ነው። አምስቱ ግን ለምን?
ባንድ ሹራብ ውስጥ ሁለታችን፣ ስክሪኑ ፊት ተጠጋግተን ጠየቅን።